ጆንያውን እንጂ አፈሩን የማይቆጥረው የማዳበሪያ ሒሳብ
ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ እንደ ማሳያ

በከተሞቻችን ገበያ “አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስንት ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ እርሻ አያስብም። ማዳበሪያ ሲል ጆንያውን ማለቱ ነው። ዩሪያና ዳፕ ተሞልቶበት ከውጭ አገር የገባው የፕላስቲክ ጆንያ ባዶውን ሲቀር ከሰል፣ ድንችና ሽንኩርት ይጫንበታል። ከጊዜ ብዛት የውስጡ ስም ለውጪው ተረፈና ጆንያው ራሱ “ማዳበሪያ” ተባለ። ቃሉ ግን የመጣው “ዳበረ” ከሚለው ግሥ ነው፤ አፈርን የሚያዳብር ማለት ነበር።

ይህ የቋንቋ አጋጣሚ የግብርና ፖሊሲያችንንም ጠባይ ሳይታሰብ የገለጸ ይመስላል። በየዓመቱ እርሻ ሲቃረብ የምንሰማው ዜና ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል ተገዛ፣ ይህን ያህሉ ጅቡቲ ደረሰ፣ ይህን ያህሉ ለአርሶ አደሩ ተሰራጨ የሚል ነው። የሚቆጠረው ጆንያ ነው። በዚያው ዓመት አፈሩ ምን ያህል አገኘ፣ ምን ያህልስ አጣ የሚል ሪፖርት አይሰማም። ጆንያው በብዛት በሚገባባቸውና ዝናብ በማይነፍጋቸው ወረዳዎች ይህ ክፍተት ለጊዜው ተሸፋፍኖ ሊያልፍ ይችላል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ግን የሚሸፋፈንበት መንገድ የለም።

አገሩና አፈሩ

ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ የሚያቀናው፣ በቻይናውያን የተሠራው መንገድ የጉናን ተራራ ታክኮ ላይ ጋይንት ውስጥ ይገባል። የጉና ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫም ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ስሟ ስለ አየሯ በቂ ማስረጃ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ አርብ ገበያን ማዕከል ያደረገው ታች ጋይንት፣ ወገዳን ማዕከል ያደረገው ስማዳ፣ ወደ ምዕራብ ሲባል ደግሞ መካነ ኢየሱስን ማዕከል ያደረገው እስቴ ይገኛሉ። መሬቱ ከውርጭ እስከ በሽሎና ዓባይ በረሃ ድረስ ይወርዳል። በጉና ግርጌ ገብስና ድንች፣ በመካከሉ ስንዴ፣ ባቄላና ጤፍ፣ በቆላው ማሽላ ይዘራል።

ይህ ሁሉ የአየርና የአፈር ልዩነት በጥቂት ወረዳዎች ውስጥ የተሰበሰበ ነው። ሆኖም ገበሬው ለብዙ ዓመታት የተነገረው ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና ከዚያው የሚጠጋ ዩሪያ። በጉና ግርጌ ውርጭ ለሚመታው ገብስም፣ በስማዳ ቆላ ዝናብ ለሚያጥረው ጤፍም የተቆረጠው መጠን ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር።

አካባቢው በችግር ዜናም የታወቀ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ክፉኛ ተጎድቷል። የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም ሲጀመር ሁለቱ ጋይንቶችና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ይህ ማለት መንግሥት ራሱ “እዚህ ያለው ቤተሰብ በደህናው ዓመትም ቢሆን ከማሳው ዓመቱን ሙሉ አይበላም” ብሎ መዝግቦታል ማለት ነው። በዚህ መዝገብ ላይ ያለ ገበሬ ነው በሌላ መዝገብ ላይ ደግሞ የማዳበሪያ ደንበኛ ሆኖ የሚቆጠረው።

ስድሳ ዓመት ገደማ የሆነው ጉዞ

የኬሚካል ማዳበሪያ በአገራችን ገበሬ ማሳ ላይ በስፋት መሞከር የተጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያካሄዳቸው የማሳያ ሙከራዎችና በጭላሎ የተቋቋመው ካዱ የዚያ ዘመን ውጤቶች ናቸው። ቀጥሎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አነስተኛ የጥቅል ፕሮግራም የተባለው መጣ። በ1985 ዓ.ም ሳሳካዋ ግሎባል 2000 ሥራ ጀምሮ በግማሽ ሄክታር የማሳያ ቦታዎች ከፍተኛ ምርት በማሳየቱ መንግሥት አሠራሩን በ1987/88 ዓ.ም አገር አቀፍ የኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረገው። ከዚያ ወዲህ በሦስት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ አገር የሚገባው ማዳበሪያ ከሩብ ሚሊዮን ቶን ገደማ ተነስቶ ከሁለት ሚሊዮን ቶን፣ ማለትም ከ20 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ደርሷል። ከስምንት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ይህ ዕድገት ፍሬ አላፈራም ማለት ሐቅን መካድ ይሆናል። በጎጃም በቆሎ፣ በአርሲና በባሌ ስንዴ የታየው የምርት ጭማሪ ያለ ማዳበሪያ የሚታሰብ አልነበረም። ሆኖም የጉዞው ሌላ ገጽታ አለ። በ1989 ዓ.ም የማዳበሪያ ድጎማ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ሸክሙን የተረከበው ብድር ነበር። ክልሎች ለባንክ ዋስ ሆኑ፣ ቀበሌና የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ከምክር ሰጪነት በተጨማሪ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኑ። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም ምርት ሲትረፈረፍ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው ምርቱን ሽጦ የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ወዲያው በ1995 ድርቅ ገባ። በጥጋብም በረሃብም የተጎዳው ያው ማዳበሪያ የወሰደው ገበሬ ነበር።

ማዳበሪያ በቀበሌ በኩል መታደሉ ሌላም ጣጣ አስከትሏል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2003 ዓ.ም ባወጣው ሪፖርት ማዳበሪያና ብድርን ጨምሮ የልማት አገልግሎቶች ለተቃዋሚ ደጋፊዎች ይከለከሉ ነበር ብሏል። በወቅቱ የነበረው መንግሥት ውንጀላውን አልተቀበለም። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ የእርሻ ግብዓት የአስተዳደር መሣሪያ ሊሆን ይችላል ተብሎ መጠርጠሩ ብቻ የገበሬውንና የባለሙያውን መተማመን የሚሸረሽር ነው። “ውሰድ” እና “ይጠቅምሃል” የሚሉት ቃላት ከአንድ አፍ ሲወጡ፣ ሰሚው የትኛው ትዕዛዝ የትኛው ምክር እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል።

የአፈሩ ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አፈር እንደ ባንክ ሒሳብ ነው ብንል ብዙም አንሳሳትም፤ ወጪና ገቢ አለው። ስቶርቮገልና ስማሊንግ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት የታወቀ ጥናት መሠረት፣ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በየዓመቱ በአማካይ ከአንድ ሄክታር 41 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን፣ 6 ኪሎ ግራም ፎስፈረስና 26 ኪሎ ግራም ፖታሲየም ያጣ ነበር። ይህ የተጣራ ኪሳራ ነው። በእህልና በገለባ ተጭኖ፣ በጎርፍ ታጥቦ የሚወጣው ሁሉ ተደምሮ፣ የሚመለሰው ተቀንሶ የተገኘ ነው።

ቁጥሩን በጆንያ እንመንዝረው። በዳፕ ቦታ የተተካው ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ሰልፈር ይዟል። ዩሪያ ደግሞ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። የጠፋውን ፎስፈረስ ለመተካት ወደ 36 ኪሎ ኤንፒኤስ፣ ቀሪውን ናይትሮጅን ለመተካት ወደ 74 ኪሎ ዩሪያ ያስፈልጋል። በድምሩ ሁለት ባለ 50 ኪሎ ጆንያና ትንሽ ጭማሪ መሆኑ ነው። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ይህ መጠን ምርት ለመጨመር አለመሆኑ ነው። አምና የጠፋውን ለመተካት፣ ባሉበት ለመቆም ብቻ ነው። ያውም የተበተነው ሁሉ ለሰብሉ ይደርሳል ብለን አስበን ነው። በእርግጥ ግን ከዩሪያው ናይትሮጅን ብዙው በአየር ይተናል፣ በጎርፍ ይታጠባል፣ ወደ ታች ይሰርጋል።

የፖታሲየሙ ነገር ደግሞ ይብሳል። በሁለቱም ጆንያዎች ውስጥ ፖታሲየም የለም። የአገራችን አፈር ፖታሲየም አያንሰውም የሚለው እምነት ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ የአፈር ጥናቶች የተወረሰ ሲሆን ለረጅም ጊዜ ሳይመረመር ቆይቷል። ድንች ፖታሲየም በብዛት የሚወስድ ሰብል ነው። በጉና ዙሪያ ድንች በጆንያ ተሞልቶ ወደ ከተማ በተጫነ ቁጥር ፖታሲየም አብሮ ይጫናል። ተመልሶ የሚመጣው ባዶው ጆንያ ነው።

በ2004 ዓ.ም የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የአገሪቱን አፈር በካርታ የማስፈር ሥራ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነበር። ካርታው ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ በተጨማሪ የሰልፈር፣ የቦሮንና የዚንክ እጥረት አሳየ። በዚህም መሠረት ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስና ቅይጥ ማዳበሪያዎች መጡ። በባሕር ዳር የመርከብ ዩኒየንን ፋብሪካ ጨምሮ በአገሪቱ አምስት የማዳበሪያ መቀየጫዎች ተቋቋሙ። ይሁን እንጂ አፈሩ ዚንክ ያንሰዋል ማለትና ዚንክ የተጨመረበት ማሳ ምርት ይጨምራል ማለት አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ማረጋገጥ የሚቻለው በማሳ ላይ በሚደረግ ሙከራ ነው። ካርታው ቀድሞ ሙከራው ተከተለ። በኋላ የተካሄዱ በርካታ የመስክ ሙከራዎችም በአብዛኛው ምርትን አንቀው የያዙት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መሆናቸውን አመልክተዋል።

እሳት የሚበላው ማዳበሪያ

የጋይንትንና የስማዳን ሰው የማዳበሪያ ጥቅም አያውቅም የሚል ካለ ጓሮውን አላየም። በቤቱ ዙሪያ ያለው የጓሮ ማሳ ጠቁሮ፣ ለምቶ ይታያል፤ ፍግ፣ አመድና የቤት ጥራጊ ሁሉ እዚያ ይደፋል። ራቅ ብሎ ያለው ማሳ ግን ገርጥቶ ድንጋዩ ፈጦ ይታያል። ልዩነቱ የእውቀት ሳይሆን የፍግ ነው። ለሁለቱም የሚበቃ ፍግ የለም።

ለምን የለም? እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ደኑ ከተራቆተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንጀራ ያለ እሳት አይጋገርም። በዓለም ባንክ ይሠራ የነበረው ኬኔት ኒውኮምብ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ኢትዮጵያ በጻፈው ጥናት ይህን ሰንሰለት በደረጃ አስቀምጦት ነበር። እንጨት ሲያልቅ እበት ይነዳል፣ እበት ሲነድ አፈር ይደኸያል፣ አፈር ሲደኸይ ምርትም መኖም ያንሳል፣ መኖ ሲያንስ ከብት፣ ከብት ሲያንስ ደግሞ እበት ያንሳል። ከ40 ዓመት በኋላ ሰንሰለቱ ባለበት አለ።

አንድ ቶን የደረቀ ኩበት በግምት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። መካከለኛውን ብንወስድ ከ30 ኪሎ በላይ ዩሪያ ጋር ይመጣጠናል። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጅኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ግን ከጓሮ አያልፍም። ከዚህም በላይ የሚጠፋው ብስባሹ ነው። ዩሪያ ብስባሽ አይሰጥም። ብስባሽ የሌለው አፈር ውሃ አይዝም፤ ውሃ የማይዝ አፈር ደግሞ ዩሪያውንም አይዝም። ስለዚህ በምድጃው ውስጥ የሚነደው ኩበት በውጭ ምንዛሪ የተገዛውን ጆንያ ዋጋም አብሮ ያነደዋል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ባሕር ዛፍን በጭፍን ለሚወቅሱ ወገኖች አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ከጎኑ ያለውን ሰብል ያቀጭጫል የሚባለው እውነትነት አለው። ነገር ግን በእስቴና በጋይንት ቁልቁለት ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉና ቅጠሉ የምድጃ ማገዶ፣ ግንዱ የዩሪያ መግዣ ሆኖ የሚያገለግልበት ቤት ብዙ ነው። ጥያቄው የት ይተከል እንጂ ይተከል አይተከል አይደለም።

ቁልቁለቱና ኮምጣጣው አፈር

የአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ እንደሆነ ይገመታል። ዝናብ በብዛት የሚያገኙት የጉና ግርጌ ደጋማ ቀበሌዎች የዚሁ ችግር ተካፋይ ናቸው። በጣም አሲዳማ በሆነ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሟሙቶ የሥርን እድገት ይገታል፤ ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዘዋል። ገበሬው ተበድሮ የበተነው ኤንፒኤስ ማሳው ውስጥ አለ፤ ሰብሉ ግን አያገኘውም። ይባስ ብሎ ዩሪያ ራሱ በየዓመቱ ሲደጋገም አሲዳማነትን ይጨምራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራው ግን ለአንድ ሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈለጋል። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ማድረስ የሚቸግረው የትራንስፖርት ሥርዓት ከ20 እስከ 40 ኩንታል ኖራ ከደጀን ተራሮች በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አጓጉዞ፣ ከዋናው መንገድ በአህያ አስጭኖ ያድርስ ማለት ቀላል ጥያቄ አይደለም። ኖራን በመስመር ከዘሩ ጋር በአነስተኛ መጠን መጨመር ወጪውን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በየጊዜው መደጋገም አለበት።

የቁልቁለቱም ጉዳይ አለ። የአፈር ጥበቃ ጥናት ፕሮጀክት በተለያዩ የአገሪቱ ጣቢያዎች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባደረገው ልኬት ላይ ተመሥርቶ ሁርኒ የተባለው ተመራማሪ በደጋው የሚታረስ መሬት በዓመት በአማካይ ከሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጥላሁን አመዴና ባልደረቦቹ በተለያዩ የአገሪቱ ደጋማ አካባቢዎች በስንዴ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አንድ ዓይነት ማዳበሪያ በተራራው ግርጌ ጥሩ ምርት ሲሰጥ በወገቡና በቁልቁለቱ ላይ የሚሰጠው ጭማሪ ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል። ለጋይንትና ለስማዳ ገበሬ ይህ ዜና አይደለም፤ አያቱም ያውቀዋል። ምክሩ ግን እስካሁን በአመዛኙ በወረዳና በሰብል እንጂ በማሳው ተዳፋት አይከፋፈልም።

ከምዕራቡ የጉና ወገብ የሚታጠበው አፈር በጉማራና በርብ ወንዞች ወደ ጣና ይገባል። እምቦጭ ከ2003/04 ዓ.ም ጀምሮ ጣናን ሲወርር ከመገቡት ነገሮች አንዱ ከእርሻ ታጥቦ የመጣው ንጥረ ነገር ነው። ከስማዳና ከታች ጋይንት የሚታጠበው ደግሞ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ መጨረሻው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ሐይቅ ነው። ስለዚህ የስማዳ እርከን የስማዳ ገበሬ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ከግድቡ መብራት የሚያገኘው የአዲስ አበባ ነዋሪም ባለድርሻ ነው።

ቁማሩን የሚጫወተው ማነው?

ባለሙያዎቻችን “አርሶ አደሩ የተመከረውን መጠን አይጠቀምም” ሲሉ ይደመጣል። ለምን እንደማይጠቀም ግን አንድ ምሳሌ በማሰብ መረዳት ይቻላል። በስማዳ ወይና ደጋ ግማሽ ሄክታር የማትሞላ መሬት ያለው ገበሬ እንውሰድ። ሰኔ ላይ አንድ ጆንያ ይገዛል። ዝናቡ በሐምሌ ደህና ጥሎ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀጥ ሊል ይችላል። ዝናብ ከቀረ ያለ ማዳበሪያ የዘራው ጎረቤቱ ያጣው ሰብሉን ነው። ማዳበሪያ የገዛው ግን ሰብሉንም የጆንያውን ዋጋም ያጣል። ዕዳው በግ ያሸጣል፣ ብሶም እንደሆነ በሬ ያሸጣል። በሬ የሸጠ ገበሬ በቀጣዩ ዓመት መሬቱን የእኩል ይሰጣል። ስለዚህ የገበሬው “እምቢታ” አለማወቅ ሳይሆን የተሰላ ጥንቃቄ ነው። ግማሽ ጆንያ ገዝቶ በሁለት ማሳ ላይ መበተኑ፣ ወይም የወሰደውን ገበያ አውጥቶ መሸጡ ከዚሁ ስሌት የሚመነጭ ነው።

የጆንያው ዋጋም በስማዳ አይወሰንም። በዓለም ገበያ አንድ ቶን ዩሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በአማካይ 229 ዶላር ነበር፤ በዩክሬኑ ጦርነት ዓመት በ2022 ወደ 700 ዶላር ወጣ። መንግሥት በዚያ ዓመት 15 ቢሊዮን ብር ደጎመ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ የብር ዋጋው እንደገና ናረ። ድጎማው ቀጥሏል፤ ያለ ድጎማ ጆንያው በገበሬው አቅም የሚደፈር አይሆንም።

በዚህ ላይ ሰላም ጠፍቷል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ሰብል ማሳ ላይ ነበር። በ2015 ክረምት መግቢያ የማዳበሪያ እጥረት ያስመረራቸው የክልሉ አርሶ አደሮች እስከ ባሕር ዳር ድረስ መጥተው አቤት ብለዋል። ወራት ሳይቆይ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር መኪና ይቆማል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ከጣቢያው ይርቃል። ዩሪያ ዘግይቶ ሲደርስ ከዋጋው በላይ የሚጎዳው ጊዜው ነው። ጤፍ ወይም ስንዴ ካዘረዘረ በኋላ የደረሰ ጆንያ በሪፖርት ላይ “ተሰራጨ” ተብሎ ይመዘገባል፤ ለሰብሉ ግን አልደረሰም።

ሁለቱ ስህተቶች

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ተቃራኒ አስተያየቶች ይሰማሉ። የመጀመሪያው “ማዳበሪያ በብዛትና በጊዜ ይድረስ እንጂ ሌላው ዝርዝር ነው” የሚል ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተፈረመው የ2.5 ቢሊዮን ዶላር የጎዴ ዩሪያ ፋብሪካ ስምምነት ይህን ተስፋ አጠናክሮታል። ፋብሪካው በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት የታሰበ ነው። ከተሳካ የውጭ ምንዛሪውን ችግር ያቃልላል፤ የያዩ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም ተጀምሮ ሳይጠናቀቅ የቀረበት ታሪክ ግን “ከተሳካ” የሚለውን ቃል እንድናጠብቅ ያስገድዳል። ቢሳካም ፋብሪካው የሚያመርተው ዩሪያ ነው። ኖራ፣ ፖታሲየምና ብስባሽ ከጎዴ አይመጡም። ሌላው ጎድሎ ዩሪያ ብቻ ቢረክስ አሲዳማው አፈር ይበልጥ እንዲኮመጥጥ መርዳት ይሆናል።

ሁለተኛው አስተያየት ከከተማ ምሁራን አካባቢ የሚሰማው “ኬሚካል ይቅር፣ ወደ ተፈጥሮ ማዳበሪያ እንመለስ” የሚለው ነው። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ማስገባትን በአንድ ጊዜ ከልክላ የሩዝ ምርቷ ሲያሽቆለቁል በወራት ውስጥ ውሳኔዋን አጠፈች። እኛ ዘንድ ደግሞ ኮምፖስት ይዘጋጅ ሲባል ከምን? እበቱ ምድጃ ውስጥ፣ ገለባው ከብቱ ሆድ ውስጥ ነው። ኮምፖስት የሚሠራበት ግብዓት ሳይኖር በኮታ “ይህን ያህል ሜትር ኩብ ኮምፖስት ተዘጋጀ” የሚል ሪፖርት ማቅረብ ጆንያ ከመቁጠር የተለየ በሽታ አይደለም።

ታዲያ ምን ይሁን?

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው አንድ ነገር አለ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የማዳበሪያ ችግር ከምድጃ፣ ከእርከን፣ ከግጦሽና ከዕዳ ተነጥሎ የሚፈታ አይደለም። በእኛ እምነት የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

አንደኛ፣ የማገዶን ጥያቄ የግብርና ጥያቄ ማድረግ። “ምርጥ” የተባለውን ዓይነት ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ በአንድ ቀበሌ ማዳረስ፣ ለእርሻ በማይሆን ቁልቁለት ላይ የማገዶ ዛፍ መትከል፣ ከኩበት የሚተርፈውን ፍግ ወደ ሩቁ ማሳ ማውጣት ከዩሪያ ድጎማው ጋር በአንድ በጀት ሊታዩ ይገባል። አንድ ብር ለምድጃ ቢወጣና አንድ ብር ለዩሪያ ድጎማ ቢወጣ የትኛው ለአፈሩ የበለጠ ናይትሮጅን ያስገኛል ብሎ የሚያሰላ አካል ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሴፍቲኔቱን ከአፈሩ ሒሳብ ጋር ማገናኘት። ሴፍቲኔት ላለፉት 20 ዓመታት ገደማ በሕዝባዊ ሥራ እርከን ሲያሠራ ቆይቷል። ከ2003 ዓ.ም ወዲህ የተጠናከረው የተፋሰስ ዘመቻም ብዙ ጉልበት ፈሶበታል። ነገር ግን ከአዝመራ በኋላ ልቅ ግጦሽ ሲጀመር ከብቱ እርከኑን ይንደዋል፣ ቃርሚያውንም ጠርጎ ይበላዋል። የኖራ ማጓጓዝና መበተን፣ የመኖ ሣርና ዛፍ በእርከን ላይ መትከል እንደ ሕዝባዊ ሥራ ቢቆጠር፣ በክፍያ ወይም በእህል የሚደገፈው ጉልበት ጆንያው የማይሰጠውን ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ ጥራጥሬን ወደ ቦታው መመለስ። ባቄላ፣ ምስር፣ ጓያና ግብጦ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለአፈር ያስቀራሉ። ግብጦ ደግሞ በደከመና በኮመጠጠ አፈር ላይም ይበቅላል። መናገሻ ባዮቴክ ያሉ ድርጅቶች የሚያዘጋጁት ሕያው የጥራጥሬ ማዳበሪያ ከጆንያው ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ጥቂት፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ከዚህ በፊት በጀርመኑ ጂቲዜድ ይደገፍ የነበረው የደቡብ ጎንደር የተቀናጀ የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ደካማ አፈር የሚችለውን ትሪቲካሌ በአካባቢው አስተዋውቆ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ አፈሩን ለሰብሉ ማስተካከል እንዳለ ሁሉ ሰብሉን ለአፈሩ መምረጥም አለ።

አራተኛ፣ ምክሩ በማሳ ይለያይ። ለግርጌው ማሳ ሙሉ መጠን፣ ለቁልቁለቱ መጀመሪያ እርከንና ፍግ፣ ለኮምጣጣው መጀመሪያ ኖራ፣ ዝናብ ለሚያጥረው ቆላ ዩሪያው ተከፋፍሎ ዝናቡ ከታየ በኋላ ብቻ። ይህን ለማለት ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ኮታ እንዲያሟላ ሳይሆን ማሳውን እንዲያይ ጊዜና ነጻነት ማግኘቱ ይበቃል።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ ቁማሩን መካፈል ነው። በ2001 ዓ.ም በትግራይ አዲ ሃ በጤፍ ላይ ተሞክሮ ኋላ ወደ አማራ ክልልም የተስፋፋው የዝናብ መድን አሠራር እንደሚያሳየው፣ ዝናብ ሲቀር ዕዳው በገበሬው ጫንቃ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ማድረግ ይቻላል። ማዳበሪያ ብድሩን ከመድን ጋር አስሮ መስጠት፣ ወይም ቢያንስ ድርቅ በታወጀባቸው ወረዳዎች ዕዳው እንዲራዘም አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር ለፀደይ ባንክም፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱም፣ ለመንግሥትም ከአቅም በላይ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2006 አቡጃ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች የማዳበሪያ አጠቃቀምን በሄክታር 50 ኪሎ ንጥረ ነገር ለማድረስ ቃል ገብተው ነበር። በ2024 ናይሮቢ ላይ እንደገና ሲገናኙ የስብሰባው ስም “የማዳበሪያና የአፈር ጤና” ሆኗል። ከማዳበሪያ ጎን አፈር የሚለው ቃል እስኪገባ 18 ዓመት ፈጀ። እኛም ከዚህ ቃል መጀመር እንችላለን። በየሐምሌው “ስንት ኩንታል ተሰራጨ?” ብለን የምንጠይቀውን ያህል፣ በየኅዳሩ ከስማዳው ገበሬ ማሳ አጠገብ ቆመን “ዘንድሮ አፈሩ ምን ተረፈው? አንተስ ምን ቀረህ?” ብለን መጠየቅ አለብን። መልሱ ተመዝግቦ በጀት እስካልተከተለው ድረስ ጆንያው በየዓመቱ ይመጣል፤ ባዶውን ሲቀርም ከሰል ይሞላበታል።